ሸዋ በር ያሰፋሁት የሥራ ጫማ፦ ሰባት ወር ከተጫማሁት በኋላ

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ በእጅ የተሰፋ ነው። 3,800 ብር ከፍዬበታለሁ። ከእረፍት ቀኔ በቀር ሰባት ወር ሙሉ ከእግሬ አልወጣም። ነገሩን ከፊት ልንገራችሁ፤ ወድጄዋለሁ። ግን "ወድጄዋለሁ" ብዬ ባቆም ለማንም አይጠቅምም። ለሠርግ የሚሆን ጫማና ለእኔ ሥራ የሚሆን ጫማ ለየቅል ነው። ስለዚህ ሥራዬንም አብሬ አወራለሁ።

የአውሮፕላን ማረፊያ ሴኩሪቲ ነኝ። ኮምቦልቻ። መንገደኛው "ፈታሽ" ይለናል፤ እኔም ስሙ አይከፋኝም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። "ቦርሳዎን እዚህ ያስቀምጡ፣ ቀበቶ ይፍቱ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ኪስዎ ውስጥ ሳንቲም አለ?" የምትላችሁ ሴት እኔ ነኝ። የሥራ ምስጢር የሆነውን እዚህ አላነሳም። የማወራው ማንም መንገደኛ በዓይኑ የሚያየውን ነው፤ ከዚያ ደግሞ እግሬ የሚያውቀውን።

ሰው የእኛ ሥራ የሚከብደው ከመንገደኛ ጋር መጨቃጨቁ ይመስለዋል። እሱም አለ። ከሁሉ ቀድሞ የሚደክመው ግን እግር ነው። የሻንጣው ውስጥ የሚታይበት ስክሪን ላይ የሚቀመጥ ሰው ወንበር አለው። ግን እዚያ ብዙ አይቆይም። በሙያው የተለመደው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ዓይን እያየ አያይም። ስለዚህ እንቀያየራለን። ከስክሪኑ ተነስቼ ብረት ወደሚለየው በር እሄዳለሁ። ከበሩ ወደ እጅ ፍተሻ። ከእጅ ፍተሻ ቦርሳ ወደሚከፈትበት ጠረጴዛ። ከስክሪኑ በቀር ሌላው ሁሉ በቁም ነው።

ከመቆሙም በላይ የሚጎዳው ቁጢጥ ማለቱ ነው። አንዲት ሴት ስፈትሽ ከትከሻዋ ጀምሬ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እወርዳለሁ። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ብቻ ናት። ወደ እኛ የሚመጣው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። ከመንገደኛው ግማሹ ሴት ከሆነ ሠላሳ አምስት ጊዜ ቁጢጥ ብዬ እነሳለሁ ማለት ነው። ያውም ለአንድ በረራ። ቁጢጥ በተባለ ቁጥር ጫማው ጣቶቹ ሥር ይታጠፋል። መጥፎ ጫማ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

የቀድሞው ጫማዬ የተገዛው ከሌላ ከተማ ነው፤ የሱቁን ስም አልጠቅስም። ሲያዩት ያምራል። ሻጩ "ኦርጅናል ቆዳ" ብሎ ምሎልኛል። በሦስተኛው ወር፣ ልክ መታጠፊያው ላይ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ጀመር። ሥሩ ጨርቅ ነበር። በአምስተኛው ወር ደግሞ ከሶሉ መሃል ቀጭን ብረት ብቅ አለችና ውስጥ እግሬን ትወጋኝ ጀመር። ሶፍት አጣጥፌ ከካልሲዬ ሥር እያደረግሁ ሠርቻለሁ። ያን ሰሞን መንገደኛ ላይ ድምፄ ከፍ ይል እንደነበር አውቃለሁ። አንዲት እናት "ምን አደረግሁሽ ልጄ?" ብላኛለች። ምንም አላደረገችኝም። እግሬ ነበር።

ጫማው ውስጥ ብረት መኖሩ ለእኛ ሌላም ጣጣ አለው። እኛም እንፈተሻለን። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሠራተኛ ነን ብለን በጎን አናልፍም። ከወጣን ስንመለስ ጫማችን እንደ እናንተው በማሽኑ ያልፋል። ስክሪኑ ላይ ያለው የሥራ ጓደኛዬ በእኔ ሶል ውስጥ የተጋደመ ብረት ካየ ዝም ብሎ ሊያልፈኝ አይችልም፤ ዘጠኝ ዓመት ቢያውቀኝም። አንስቶ ያጥፈዋል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ሥራው ነው። በቀን አራት ጊዜ ሲሆን ግን ለሁለታችንም ያደክማል።

ስክሪኑ ነገሮችን የሚለየው በቀለም ነው። ምግብ፣ ልብስ፣ ወረቀት፣ ቆዳ ብርቱካናማ ሆነው ይታያሉ። ብረት ሰማያዊ ነው። በመሃል ያለው አረንጓዴ ይሆናል። ጨረሩ ሊያልፍበት ያልቻለ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ጥቁር ነው። ፈንጂም የሚመደበው ብርቱካናማው ጎራ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካናማ ነገር ስናይ ቆም እንላለን። ወሎ ደግሞ ያለ ቅቤና ያለ ማር ልጁን ሊጠይቅ አዲስ አበባ አይሄድም። ቅቤያችሁን "ክፈቱልኝ" የምንላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተጠራጥረናችሁ አይደለም። ቅቤው ራሱ ነው እንዲህ የሚያደርገን።

ብራናም ቆዳ ነውና ብርቱካናማ ነው። የድሮ መጽሐፍ፣ የድሮ መስቀል ስናይ ደግሞ በሌላ ዓይን ነው የምናየው። የላሊበላው የወርቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር። ቤልጅየም ተገኝቶ በ2001 ተመለሰ። ከኛው ወሎ ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ሻንጣ ውስጥ እንደሚወጣ ማወቅ ዓይንን ያነቃል።

ወደ ጫማው ልመለስ። ጫማ ሰፊውን ያገኘሁት በዚሁ ስክሪን ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ አባት መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን አውልቀው ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡ። ስክሪን ላይ ነበርኩ። ጫማው መጣ። ብርቱካናማ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርቱካናማ። በመሃል የሚያልፍ ሰማያዊ መስመር የለም። ተረከዙ ላይ ብቻ እንደ ጤፍ የተበተኑ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ። ስንትና ስንት ጫማ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር አይቼ አላውቅም።

ተራዬን ስጨርስ መጠበቂያው ጋ ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

"አባባ፣ ጫማዎን የት ነው ያሰፉት?"

ደነገጡ። "ምን አገኛችሁበት ልጄ?"

"ምንም። አምሮኝ ነው።"

ሳቁ። "ሸዋ በር ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሶሉን ሦስቴ አስቀይሬዋለሁ።" አቅጣጫውን ሲነግሩኝ ደግሞ "ውስጥ ውስጡን ግቢ፣ መዶሻ ስትሰሚ ቁሚ" አሉኝ።

በእረፍት ቀኔ ሄድኩ። እውነትም መዶሻ ሰማሁ። ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። ማስታወቂያ የላትም። ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል። ከጣሪያው ላይ የእግር ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ፎርማዎች ጥንድ ጥንዱን በገመድ ተንጠልጥለዋል። ሰፊው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። ጋሼ ነው የምላቸው። ፎርማዎቹ የአባታቸው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከቤት ወጥተው ነበር። ሲመለሱ የስፌት መኪናቸው የለም። እንጨቶቹ ግን እዚያው ተንጠልጥለው ጠበቋቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙውን በእጃቸው ነው የሚሰፉት።

እግሬን ዘረጋሁ። አልለካም አሉ።

"ዛሬ እረፍትሽ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ዛሬ አልለካሽም። ከሥራ ስትወጪ ነይ። ያረፈ እግርና የዋለ እግር አንድ አይደለም።"

እውነታቸውን ነው። እኔ ይህን በእግሬ አውቀው ነበር፤ በአፌ ግን ብዬው አላውቅም። የጠዋት ተረኛ ስሆን ገና ሳይነጋ ከደሴ እወጣለሁ። ቁልቁለቱ፣ ሐረጎ ላይ፣ ጉም አለ፤ ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ በቀስታ ነው የሚወርደው። እግሬ በብርድ ተኮማትሮ ጫማው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ያው ጫማ ይጠበኛል። በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት እግር አለኝ።

በማግስቱ ከሥራ ቀጥታ ሄድኩ። ካርቶን ላይ አቁመው እግሬን በእርሳስ ከበቡት። ግራና ቀኙን ለየብቻ። ግራው ይበልጣል። ይህን በሠላሳ አራት ዓመቴ የሰማሁት ከሳቸው ነው። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። የምትቆሚው ሲሚንቶ ላይ ነው ወይስ ሴራሚክ? ትሮጫለሽ? ጫማ በቀን ስንቴ ታወልቂያለሽ? "ቁጢጥ በይ እስቲ" አሉኝ። አልኩ። ጎንበስ ብለው የጫማዬን መታጠፊያ በጣታቸው ነኩና "እዚህ ነው ያለቀው" አሉ። ጫማ ስገዛ ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እኔም የምፈልገውን ነገርኳቸው። ብረት አይኑርበት። ማሰሪያ አይኑረው፤ በጎን ላስቲክ ይሁን፣ ቶሎ እንዲወልቅ። ሲራመዱበት አይጩህ። ቀለሙ ከዩኒፎርሙ ጋር ይሂድ።

"ብረቷ ለምን እንደምትገባ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ከተረከዝ እስከ እግር መሃል ያለው ክፍል አየር ላይ ያለ ድልድይ ነው። ካልተደገፈ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ጀርባ ያማል። ብረቷ ድልድዩን ትይዛለች። እሳቸው በብረቷ ፋንታ ወፍራም የበሬ ቆዳ ሁለት ደርበው፣ ቀጥቅጠው ሊያስገቡ ተስማማን። "ሚስማር ግን ይኖራል" አሉ። "በያንዳንዱ ተረከዝ አምስት አምስት። ያለ ሚስማር ተረከዝ አልሠራም።" 4,200 አሉ፤ 3,800 ላይ ቆምን። 2,000 ቀብድ ሰጠሁ። ደረሰኝ የለም። "በስምንት ቀን ነይ፣ አብሽሪ" አሉኝ።

ስምንት ቀን አስራ ሦስት ቀን ሆነ። አንዴ ቆዳው አልመጣም፤ አንዴ ጎረቤት ለቅሶ ነበር። ስልክም አያነሱም፤ መዶሻ ሲይዙ አይሰሙትም። ሁለት ጊዜ ከሥራ ወጥቼ በባዶ እጄ ተመልሻለሁ። ያን ያህል የደከመ እግር ይዞ ሸዋ በር ድረስ በከንቱ መሄድ ያናድዳል። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ትክክል አይሆንም። ቀጠሮ ላይ ድክመት አለባቸው። የምታሰፉ ከሆነ ከሚነግሯችሁ ቀን ላይ አምስት ቀን ጨምሩ።

ስወስደው የቀኝ ትንሿ ጣቴን ይዞኝ ነበር። እዚያው ሆኜ ነገርኳቸው። አልተከራከሩም። ፎርማው ላይ መልሰው አስገብተው፣ ጣቷ ያለችበት ቦታ ላይ ቁራጭ ቆዳ ደግፈው፣ አሳድረው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ አልያዘኝም።

አሁን የጓጓሁለትን ላውራ። በመጀመሪያው ቀን ጫማዬን ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ አሳለፍኩ። ስክሪን ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። "ነይ እስቲ፣ እይው" አለኝ። ቀበቶው ቆሟል። ጫማዬ ስክሪኑ ላይ ተኝቷል። ብርቱካናማ። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ብርቱካናማ፤ ቆዳው ሁለት የተደረበበት ነው። ሰማያዊ መስመር የለም። ተረከዙን አጉልቶ አሳየኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በግራው አምስት፣ በቀኙም አምስት። ጋሼ ያሉት ቁጥር ነው። ካርቶንም በስክሪን ብርቱካናማ ስለሚመስል "በቆዳው ፋንታ የገባ ካርቶን የለበትም" ብዬ በስክሪኑ አልምልም። ያን የነገሩኝ ሰባቱ ወራት ናቸው፤ ካርቶን ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዝናብ ይፈርስ ነበር። ሚስማሮቹን ግን ቆጥሬያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው "ምንም የለም" ያለኝን ሻንጣ ስከፍት ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ውስጡ ይህ ነው ብሎኝ፣ ውስጡ ልክ ያው ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። ማታውኑ ደወልኩላቸው። እንደልማዳቸው አላነሱም።

ሥራ ላይ ምን ለወጠ? ትዕግሥቴን።

አንዲት እናት መጡ። ሰማንያ ይጠጋሉ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው አውሮፕላን ቆርጦላቸው ነው። በሩ ጮኸባቸው። በእጅ መፈተሻው ሳየው ወገባቸው ላይ ነው። መቀነታቸው።

"እማማ፣ እዚህ ምን አለ?"

"ቁልፌ ነው ልጄ። የሣጥኔ።"

ቁልፉን የምወስድባቸው መሰላቸው። ሁለት እጃቸውን መቀነቱ ላይ አደረጉ። ቁጢጥ አልኩ። "አልወስድም እማማ፣ አይቼ እዚያው ነው የማስርልዎ" አልኳቸው። ቋጠሮው አራት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ። በጥርስ የተጠበቀ ነው የሚመስለው። አንዱን ፈታሁ፤ ሁለተኛውን ፈታሁ። ከኋላ ሰው ተሰልፏል። ሦስተኛው ላይ የታጠፈ መቶ ብር ወጣ። አራተኛው ላይ የዛገ ቁልፍ። በእጄ ይዤ አሳየኋቸው፤ እንዳለ መልሼ አሰርኩት። አራቱንም። ስጨርስ ራሴን ይዘው መረቁኝ። "እግርሽ እንቅፋት አይንካው" አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ቁጢጥ ብያለሁ። በድሮው ጫማ ቢሆን ከሁለተኛው ቋጠሮ አላልፍም ነበር። "ይፍቱት እማማ፣ ቶሎ ይበሉ" እል ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ደግሞ አሉ። ከአዲስ አበባ ነው የሚወጡት፤ አንዳንዶቹ እስከዚያ በእኛ በኩል ይሄዳሉ። የመጀመሪያ በረራቸው እንደሆነ ከሩቅ ያስታውቃል። ባለፈው አንዷን "ጫማሽን አውልቂ" አልኳት። አዲስ ስኒከር ነው፤ የዋጋ ወረቀቱ ከሥሩ አልተነሳም። አወለቀች። የቀኝ ካልሲዋ አውራ ጣቷ ጋ ተቀዷል። በግራ እግሯ ሸፈነችው። ሳጥኑን እግሯ ሥር ድረስ አመጣሁላት፤ ጎንበስ ብዬ አንደኛውን ጫማ አቀረብኩላት። "አብሽሪ እህቴ፣ ሁላችንም እናወልቃለን፣ እኔም አወልቃለሁ" አልኳት። ቀና ብላ ጫማዬን አየችው። "ያምራል" አለችኝ። ሌላ አልተነጋገርንም።

አንዳንድ መንገደኛ "ለአንድ ሰዓት በረራ ይህ ሁሉ ለምን?" ይለኛል። ጥያቄው አያስከፋኝም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ 961 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቋል። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል። ጠላፊዎቹ ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበት ነገር ያልተከፈተ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ሥልጠና ላይ ይህን ስሰማ የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ውሃ የያዘ ጠርሙስ ሳይ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ ስለ በሩ ይጠይቁኛል። የምታልፉበት በር ራጅ አይደለም። በመግነጢስ ነው የሚሠራው፤ ብረት ሲያልፍ መስኩ ይረበሻል፣ ያኔ ይጮኻል። ራጅ ያለው ዕቃው የሚያልፍበት ማሽን ውስጥ ነው። ይህን ቀስ ብዬ ለማስረዳትም እግር ሊያቆመኝ ይገባል።

ጫማው እንከን የለበትም አላልኩም። ክረምት ላይ ተቸግሬያለሁ። ደሴ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የላይኛው ቆዳ ውሃ ይጠጣል። አንድ ቀን በስብሶ፣ አንድ ቀን ተኩል ሳይደርቅ ቆየ። ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩትና የጎኑ ቆዳ ደረቀብኝ። ጋሼ ሲያዩት አዘኑ። "እሳት ለወጥ ነው ልጄ፣ ለቆዳ ጋዜጣ ነው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ውስጡን ወረቀት ሞልቼ ጥላ ውስጥ አሳድረዋለሁ። በሳምንት ሁለቴ ቀለም ይፈልጋል፤ ካልተቀባ ቶሎ ይገረጣል። ላስቲኩ የግራው በኩል ላላ ብሏል። ክብደቱም ከፋብሪካ ጫማ ይበልጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ባቴ ላይ ተሰምቶኝ ነበር።

ሶሉ የጎማ ነው። መጀመሪያ የቆዳ ሶል ሊያደርጉልኝ አስበው ነበር። ሴራሚክ ላይ እንደምቆም ስነግራቸው ተዉት። ያንሸራትታል አሉ። ልክ ነበሩ። ወለሉ በተወለወለ ማግስት እንኳ አልተንሸራተትኩም። ድምፅም የለውም። የሥራ ጓደኞቼ "ከየት መጣሽ?" ይሉኛል፤ ስመጣ አይሰሙኝም።

ለማን ይሆናል? ቆሞ ለሚውል። ለነርስ፣ ለአስተማሪ፣ ለአስተናጋጅ፣ ለባንክ ጥበቃ። የሆስፒታል ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ አሰፍታ ወዳዋለች፤ የእሷ በአስር ቀን ደረሰ። በየጊዜው ፋሽን ለሚቀያይር ግን አይሆንም። ያላቸው ቅርጽ ሁለት ሦስት ነው። ቶሎ ለሚፈልግም አይሆንም። 3,800 ብር ለደሞዝተኛ ቀላል አይደለም፤ እኔም በሁለት ወር ቆጥቤ ነው። የድሮው 2,600 ፈጅቶ አምስት ወር ነው የቆየው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ባለፈው ሳምንት ሶሉን ላሳያቸው ወሰድኩት። መቀየር ያለበት መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን በሶሉ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱ። የቀኙን ለብቻ ወደ ብርሃን አወጡት።

"ሰው ስትፈትሺ መሬት ላይ የምታሳርፊው የትኛውን ጉልበትሽን ነው?"

አሰብኩ። "የግራውን መሰለኝ።"

"የግራውን ነው። የቀኙ ጣት ሥር ነው ያለቀው። ስትነሺም በሱ ነው የምትነሺ። አንዳንዴ በሌላው ተነሺ።"

ቁራጭ ጎማ ቆርጠው ከቀኙ ጣት ሥር ለጥፈው ሰፉት፤ ጠርዙን በቢላ አስተካከሉት። ከሰፉበት ክር የተረፈውን በጥርሳቸው በጠሱት። ሒሳብ ስጠይቅ እጃቸውን አወዛወዙ።

"ሂጂ። ሶሉ ገና ስድስት ወር አለው። ከፋሲካ በኋላ አምጪው።"